የቱርቦ ልጓም፤ የአየር ግፊትን የመግታት ሥራ ታሪክና ሕመሙ

የሞተርን ጭስ እንዲሁ አባክኖ ከመጣል ይልቅ ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም በበኩሉ መጭመቂያ አዙሮ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር እንዲያቀርብ የማድረግ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዓመታትን የፈጀው ሌላ ነገር ነው። ቱርቦ የራሱን ጉልበት ራሱ የሚያባዛ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም አየር ሲበዛ ነዳጅ ይበዛል፤ ነዳጅ ሲበዛ ጭሱ ይበረታል፤ ጭሱ ሲበረታ ተርባይኑ ይፈጥናል፤ ተርባይኑ ሲፈጥን ደግሞ አየሩ እንደገና ይበዛል። ይህ ዙር አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ስለሆነም የቱርቦ ታሪክ በአመዛኙ የልጓሙ ታሪክ ነው። ልጓሙን በሚመለከት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የሚለካው ምንድን ነው?» የሚለው ነው፤ ማንኛውም መቆጣጠሪያ የሚጠብቀው የሚለካውን ብቻ ነውና። በጋራዥ ውስጥ ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት የሚወርደው ቱርቦ ብዛት ይህ ጥያቄ በሚገባው መጠን እንዳልተጠየቀ ያመለክታል።

የመጀመሪያውን ፓተንት በ1905 ዓ.ም. ያወጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቡኺ በዙልሰር ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ደክሞ ሐሳቡ በተግባር ሲውል ለማየት ሃያ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። በ1920ዎቹ አጋማሽ «ፕሮይሰን» እና «ሐንዘሽታት ዳንሲግ» ለተባሉት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች የተሠሩት ባለ አሥር ሲሊንደር የናፍታ ሞተሮች በቱርቦ አማካይነት ጉልበታቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። እነዚህ ሞተሮች ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ልጓም አላስፈለጋቸውም። መርከብ ፍጥነቱን ለሰዓታት ሳይለውጥ ይጓዛል፤ የባሕሩም ወለል ከፍና ዝቅ አይልም። መሐንዲሱ የተርባይኑን የጭስ መግቢያ ስፋት አንድ ጊዜ አስልቶ ከቆረጠ በኋላ የግፊቱ ልክ በብረቱ ቅርጽ ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። ይህ ብልሃት ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ነገር ግን የማይንቀሳቀስ አካል አይሰበርምና ሥራው አንድ ዓይነት ለሆነ ሞተር ከዚያ የተሻለ መቆጣጠሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ችግሩ የተወለደው በአየር ላይ ነው። አውሮፕላን ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዊው ኦጉስት ራቶ ቱርቦን ከአውሮፕላን ሞተር ጋር አገናኝቶ ሲሞክር፣ በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ ተመሳሳይ ሥራ ተያያዘ። ሞስ በ1918 ዓ.ም. «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ቦታው ከባሕር ወለል 4,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ስድሳ በመቶ ቢሆን ነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ።

የዚህ ድል ሌላው ገጽታ ብዙም አይነገርለትም። ለተራራ ጫፍ ተብሎ የተለካ ቱርቦ በሜዳ ላይ ከመጠን ያለፈ ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ ጭሱ ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ውጪ እንዲያመልጥ የሚያደርግ ማስተንፈሻ በር ተበጀለት፤ ዛሬ በየጋራዡ «ዌስትጌት» የሚባለው የዚህ በር ዘር ነው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው አብራሪው ነበር፤ ዓይኑን በግፊት መለኪያው ላይ፣ እጁን በመዘውሩ ላይ አድርጎ። እንግዲህ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ የሰው ዓይንና የሰው እጅ ነው ማለት ነው። ከፍ ባለ ሰማይ በሩን ዘግቶ ሲበር የቆየ አብራሪ በፍጥነት ሲወርድ በሩን መክፈት ከዘነጋ፣ አየሩ እየወፈረ ሄዶ ሞተሩን ከሚችለው በላይ ይጭነዋል። አብራሪ ደግሞ በሚወርድበት ጊዜ ሥራ አያጣም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ቢ-17» የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አራት ሞተር፣ ለእያንዳንዱም ሞተር አንድ ቱርቦ ይዞ በተሰማራ ጊዜ አራቱን በር በእጅ መጠበቅ የማይታሰብ ሆነ። በመጀመሪያ የተገጠመው መቆጣጠሪያ በሞተር ዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። መዘውሩ የሚፈለገውን ግፊት ይመርጣል፤ ዘይቱም በሩን ይገፋል። ይህ መሣሪያ በመሬት ላይ ሲሞከር እንከን አልነበረበትም። ከ8,000 ሜትር በላይ ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ይወፍራል፤ ብሎም ይረጋል። በሩ የሚታዘዘው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይታዘዝም። አብራሪዎቹ ዘይቱ እንዳይረጋ መዘውሩን በየጊዜው ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅሱ ይመከሩ ነበር። መቆጣጠሪያው ሰውን ከሥራ ሊያሳርፍ ታስቦ ተሠርቶ ሰውን መልሶ የራሱ ጠባቂ አደረገው።

መፍትሔው ከሚኒያፖሊስ ሃኒዌል ኩባንያ መጣ። በኋላኞቹ ቢ-17ዎች ላይ የተገጠመው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አራቱንም ሞተሮች በአንድ ጉጠት የሚያዝ ነበር። ጉጠቱ ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ ሲሆን፣ 8 ለተለመደው መነሻ፣ 10 ደግሞ ለጭንቅ ጊዜ የተመደቡ ነበሩ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ለታሪኩ ትልቅ ትርጉም ያለው ግን ከጉጠቱ ጀርባ ያለው ነገር ነው። መሣሪያው ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር ግፊት ብቻ አልነበረም የሚለካው። ከቱርቦው ዘንግ ጋር በተያያዘ ተጣጣፊ ገመድ አማካይነት የዘንጉን ፍጥነት ይለካ ነበር፤ ፍጥነቱ የሚጨምርበትንም ሁኔታ ይከታተል ነበር። ዘንጉ ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም ገና ልኩ ላይ ሳይደርስ በአደገኛ ሁኔታ ሲፈጥን፣ አብራሪው የጠየቀው ግፊት ባይሟላም እንኳ መቆጣጠሪያው በሩን ይከፍታል። ይህ የተደረገው በምክንያት ነው። በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ተርባይን ቢበተን ስብርባሪው እንደ ጥይት ነው። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ደግሞ በሮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ አብራሪውም ሞተሩን በጋዝ መስጫው እየገታ ይመለሳል። መሐንዲሶቹ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚበላሽም አስቀድመው አስበውበታል።

ቱርቦ ወደ ቤት መኪና ሲወርድ ከዚህ ትምህርት አብዛኛው ቀረ። በ1962 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ ሁለት ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪናዎች ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው «ኦልድስሞቢል ጄትፋየር» ነው። የሞተሩ የመጭመቅ መጠን ለቱርቦ እጅግ ከፍተኛ፣ ይኸውም 10.25 ለ 1 ስለነበረ፣ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከአየሩ ጋር ይረጭለት ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ አንድ ተጨማሪ ቫልቭ የአየሩን መንገድ ያጠብና ግፊቱን ይገድባል። በወረቀት ላይ አስተዋይ አሠራር ነው። ነገር ግን ፈሳሽ መሙላቱን ባለቤቱ ይዘነጋዋል፤ መኪናው ይደክምበታል፤ እርሱም መኪናው ተበላሸ ይላል። ኋላ ኩባንያው ቱርቦውን አውርዶ በተለመደው ካርቡራተር ለመተካት ተገደደ። ሁለተኛው መኪና «ኮርቬር ስፓይደር» ማስተንፈሻ በር የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረውም። ግፊቱን ይገቱ የነበሩት የካርቡራተሩ ጥበትና ማርሚታው ነበሩ። ማርሚታው ጭሱን ስለሚያፍን ተርባይኑ ከልክ በላይ አይፈጥንም። እንግዲህ አንድ ባለ መኪና የሞተሩን ድምፅ ለማሳመር ብሎ ማርሚታውን በሰፊው ሲለውጥ፣ ሳያውቀው የሞተሩን ልጓም አውልቆ ጣለ ማለት ነው።

በአውሮፓ «ቢ.ኤም.ደብሊው 2002 ቱርቦ» በ1973 ዓ.ም. ብቅ ብሎ ከ1,700 ባነሰ ቁጥር ተሠርቶ ጠፋ፤ የነዳጁ ችግር ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ክፉ ጊዜ ነበር። ቱርቦን የዘወትር ዕቃ ያደረገው የስዊድኑ ሳዓብ ኩባንያ በ1977 ዓ.ም. ያወጣው «99 ቱርቦ» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሳዓብ መሐንዲሶች አነስተኛ ቱርቦ መረጡ። አነስተኛ ቱርቦ በዝቅተኛ የሞተር ፍጥነት ቶሎ ይነሣል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ግን ከመጠን ያለፈ አየር ይሰጣል፤ ትርፉን ጭስ ማስተንፈሻው በር ይጥለዋል። ግፊቱ ከአካባቢው አየር በላይ በ0.7 ባር ያህል ተወሰነ፤ ባለ ሁለት ሊትሩም ሞተር 145 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በሩ ከዚያ ወዲህ የጭንቅ ጊዜ መውጫ መሆኑ ቀርቶ በየዕለቱ የሚሠራ አካል ሆነ።

ይህን በር የሚያዘው መሣሪያ ዛሬም በብዙ ሞተሮች ላይ የሚታየው ነው። አንድ ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ፣ በውስጡ የጎማ ሽፋንና ሞላ፣ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ ዘንግ፣ ከመጭመቂያው ወደ ጣሳው የሚመጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ፤ ይኸው ነው። ግፊቱ የሞላውን ጉልበት ሲያሸንፍ ዘንጉ ይገፋል፤ በሩም ይከፈታል። ርካሽነቱና ቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የብልሽቱ አቅጣጫ መጥፎ ነው። በሩን የሚከፍተው ግፊቱ ራሱ ስለሆነ፣ ቱቦው ቢወልቅ ወይም ቢሰነጠቅ፣ ሽፋኑም ቢቀደድ፣ ወደ ጣሳው የሚደርስ ግፊት አይኖርም፤ ሞላው በሩን ዘግቶ ይይዛል፤ ግፊቱም ወደ ላይ ይወጣል። መቆጣጠሪያው የሚያምነው ቱቦው የሚነግረውን ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ማንኳኳት ይከተላል፤ የፒስተን አናት ይሰነጠቃል ወይም ይበሳል። የናፍታ ሞተር በዚህ መንገድ ባያንኳኳም የቴስታታው ጋስኬትና የቱርቦው ኩሽኔታ ዋጋውን ይከፍላሉ።

በተቃራኒው የበሩ መቀመጫ ሲበላ፣ በሩ ሲሰነጠቅ ወይም ጥቀርሻ ይዞት ሳይዘጋ ሲቀር ግፊቱ ይጎድላል፤ ሞተሩ ይደክማል። የመግፊያው ዘንግ ርዝመት በብሎን ስለሚስተካከል «ትንሽ ጉልበት ለመጨመር» በሚል የሚያሳጥረው እጅም አይጠፋም፤ ይህ ሞላውን ማጠንከር ነው፤ በሩ እንዲዘገይ ማድረግ ነው። ሌላም ረቂቅ የሆነ ሕመም አለ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እያለ ግፊቱ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ቀስ እያለ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህ ሲሆን ጣሳውም፣ ሞላውም፣ ቱቦውም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ የበሩ ቀዳዳ ከሚመጣው ጭስ ጋር ሲነጻጸር መጥበቡ ነው። ማርሚታ ከተለወጠ በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ መንስኤውን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሳዓብ ሌላ እርምጃ ወሰደ። ሞተሩን የሚጎዳው ማንኳኳቱ እንጂ ግፊቱ ራሱ አይደለም፤ ማንኳኳቱ ደግሞ በቤንዚኑ ጥራትና በሙቀቱ ይለያያል። እንግዲያው ለምን ማንኳኳቱ ራሱ አይደመጥም? ለ1982 ዓ.ም. «900 ቱርቦ» የተዘጋጀው መቆጣጠሪያ በሞተሩ አካል ላይ የተሰካ አዳማጭ ነበረው። አዳማጩ ማንኳኳት ሲሰማ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ወደ ጣሳው የሚሄደውን ግፊት ያስተካክላል፤ በሩም ይከፈታል። ጥሩ ቤንዚን ሲሞላ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል፤ ደካማ ሲሞላ ራሱን ይቆጥባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚደነቀው የብልሽቱ አቅጣጫ ነው። የሞላው ጉልበት ዝቅ ተደርጎ ስለተመረጠ፣ የቫልቩ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ግፊቱ ወደ ዝቅተኛው ልክ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የቢ-17 መሐንዲሶች አስተሳሰብ በአርባ ዓመቱ ወደ ቤት መኪና ደረሰ።

በእሽቅድምድም ሜዳ ነገሩ ተቃራኒ መልክ ነበረው። ሬኖ በ1977 ዓ.ም. ቱርቦን ወደ ፎርሙላ 1 ካስገባ በኋላ ጉልበት በየዓመቱ ናረ፤ በ1986 ዓ.ም. በማጣሪያ ውድድር የአንዳንድ ሞተሮች ግፊት 5 ባር ያልፍ ነበር። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በሞተሮቹ ላይ የራሱን ማስተንፈሻ ቫልቭ አስገጠመ፤ በ1987 በ4፣ በ1988 በ2.5 ባር ወሰነ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ቱርቦን ከናካቴው ከለከለ። ከእነዚያ ሞተሮች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከጥቂት ዙር አያልፍም ነበርና ለጋራዥ ሠራተኛ የሚተርፈው ትምህርት ጥቂት ነው።

በናፍታ ሞተር በኩል ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ መሠረታዊ ለውጥ መጣ። በ1991 ዓ.ም. ከፊያት «ክሮማ» ጀምሮ ለቤት መኪና በገባው አሠራር ማስተንፈሻው በር ቀረ። በምትኩ በተርባይኑ ዙሪያ ተንቀሳቃሽ ቅጠሎች ተደረደሩ። ቅጠሎቹ ሲጠቡ ጭሱ እየተወረወረ ተርባይኑን ያፈጥናል፤ ሲሰፉ ይረጋጋል። ቡኺ ለመርከቦቹ አንድ ጊዜ ቆርጦ የተወው ስፋት አሁን በየቅጽበቱ የሚለወጥ ሆነ ማለት ነው። በብዙዎቹ ላይ ቅጠሎቹን የሚያጠባቸው በባዶ ግፊት የሚሳብ ጣሳ ነው። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ቅጠሎቹ ይሰፋሉ፤ ሞተሩ ይደክማል እንጂ አይጎዳም። ያው ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ ያው ስንጥቅ፣ ውጤቱ ግን ከበፊቱ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በአንደኛው ዓይነት የሰለጠነ እጅ ሁለተኛውን ሲመረምር በተገላቢጦሽ ሊፈርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእነዚህ ቅጠሎች ጠላት ጥቀርሻ ነው። በከተማ ውስጥ ቀስ እያለ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ጭሱ ስለማይሞቅ ጥቀርሻው በቅጠሎቹ መዞሪያ ላይ ይጋገራል፤ ቅጠሎቹም እንደጠበቡ ይያዛሉ። አሽከርካሪው ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጥ ግፊቱ ከታዘዘው በላይ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ ነዳጁን ይቀንሳል፤ መኪናው በዳገቱ መካከል ይሞታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። አሽከርካሪው «አንዳንዴ ይደክማል» ብሎ የሚያመጣው ተሽከርካሪ ከዚህ ወገን መሆኑ የተለመደ ነው።

የከፍታ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባለሙያ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሯ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው፤ በባሕር ወለል 1.01 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ጣሳና ሞላ ያለው ባለ ቱርቦ ሞተር የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ በ0.7 ባር የተወሰነ ቢሆን በባሕር ወለል ለሞተሩ 1.71 ባር ይደርሰዋል፤ በአዲስ አበባ ግን 1.46 ብቻ ነው። ቅናሹ 15 በመቶ ያህል ነው፤ ቱርቦው ግን አልተጨነቀም። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ደግሞ ፍጹም ግፊቱን ስለሚለካ 1.71ዱን በአዲስ አበባም ሊያሟላ ይጥራል። ይህን ለማድረግ መጭመቂያው አየሩን በ1.7 እጥፍ ሳይሆን በ2.25 እጥፍ መጭመቅ አለበት፤ ዘንጉም በዚያው መጠን መፍጠን አለበት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ከባድ መኪና ጭነቱን ሳይቀንስ እዚህ ሲደርስ ቱርቦው የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ጥሩ አምራቾች የታዘዘውን ግፊት እንደ ከፍታው የሚቀንስ ሠንጠረዥ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስቀምጡት ስለዚህ ነው። ያንን ሠንጠረዥ «ጉልበት ለመጨመር» የሚደመስስ ሰው የሚደመስሰው የዘንጉን ዋስትና ነው።

አቧራ የጠጣ የአየር ማጣሪያም ከከፍታ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ከመጭመቂያው በፊት ያለውን ግፊት ይቀንሳልና። መቆጣጠሪያው የሚለካው ከመጭመቂያው በኋላ ስለሆነ ይህን አያይም፤ የጎደለውን ለመሙላት ዘንጉን ያፈጥናል። ከመጭመቂያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ላይ ወይም በአየር ማቀዝቀዣው ላይ ቀዳዳ ሲኖርም እንዲሁ ነው። አየሩ በቀዳዳው ያመልጣል፤ መለኪያው ከቀዳዳው ወዲያ ሆኖ «ግፊት ጎድሏል» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ቅጠሎቹን ያጠባል፤ ዘንጉ ከልኩ በላይ ይዞራል፤ ውሎ አድሮ ኩሽኔታው ይበላል፤ መጭመቂያው ቤቱን መፈግፈግ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ጋራዡ ቱርቦው እንደተሰበረ ያያል፤ አውርዶም አዲስ ይገጥማል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው። ባለንብረቱ በብዙ ሺህ ብር የገዛው አዲሱ ቱርቦ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያም ወቀሳው ወደ አምራቹ፣ ወደ ዘይቱ ወይም ወደ አሽከርካሪው ይዞራል። ቱርቦን ከማውረድ በፊት የአየሩን መንገድ ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ በዝቅተኛ ግፊት ነፍቶ በሳሙና ውኃ መፈተሽ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በቀጥታ ሊለካ ይገባ የነበረው የዘንጉ ፍጥነት ነው፤ ቢ-17 በ1940ዎቹ ይለካው የነበረው ማለት ነው። በአንዳንድ የከባድ መኪና ሞተሮች፣ ለምሳሌ ተንቀሳቃሽ የተርባይን መግቢያ ባለው ቱርቦ በሚሠሩት የከሚንስ ሞተሮች ላይ፣ የፍጥነት መለኪያው ተመልሶ መጥቷል፤ ኮምፒውተሩም ዘንጉ ልኩን ሊያልፍ ሲል ግፊቱን ይተወዋል። በአብዛኞቹ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ላይ ግን የዘንጉ ፍጥነት ዛሬም በስሌት ይገመታል እንጂ አይለካም።